ረዲ ይቅር ያለኝ ዕለት

ረዲን የማይወድ ሰው ሮቤ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድሞ የሚገኝ፣ የጎረቤት ሞባይል ሲበላሽ ሻይ እንኳን ሳይጋበዝ የሚሠራ፣ ባጃጅ ውስጥ ለአሮጊት ቦታውን ለቆ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። እኔም እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጠላት ወሬ እንዳይመስላችሁ ነው። ጠላቴ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያቃጥለኝም ነበር።

ሳቢሪን እባላለሁ። ሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. ላይ እኔና ረዲ ከገበሬ ስንዴ እየገዛ ለፋብሪካ በሚያቀርብ አንድ ዩኒየን ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኞች ነበርን። እሱ ቋሚ ነው፣ እኔ ኮንትራት። ሥራውን ያስገባኝም እሱ ነው። የታላቅ ወንድሜ የጀሊል የልብ ጓደኛ ነበር፤ ጀሊል ታሞ ሲሞት ከቀብሩ እስከ ሰደቃው ሁሉን ነገር ያሯሯጠው ረዲ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጁሀራ «ልጄ» እንጂ ረዲ ብላ ጠርታው አታውቅም። ሚስትና ሦስት ልጆች እያሉት የኢድ ምሳ መጀመሪያ የሚቀምሰው እኛ ቤት ነበር። እኔን «ኦቦሌቲ ኮ» ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። እኔም አምኜ እህቱ ሆንኩ።

ዩኒየኑ ሮቤ፣ ጎባና ጊኒር ላይ መጋዘን ነበረው። በየመጋዘኑ በር ላይ ሚዛን አለ፤ ሚዛኑ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። ገበሬው ጆንያውን ሲጭንበት ኪሎው የሰው እጅ ሳይነካው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባና ደረሰኝ ይወጣል። እንዲህ የተደረገው መዛኝና ገበሬ በየቀኑ ሲጨቃጨቁ ስለሰለቸን ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር፤ በሰው ፍላሽ እየገባ ዕረፍት የነሳን ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አያስቸግረንም።

ሊኑክስ ደግሞ አመል አለው። የተሰካበትን ዕቃ ሁሉ እንደ ፋይል ነው የሚያየው። ሚዛኑም ለእሱ አንድ ፋይል ነው፤ የመመዘኛው ፕሮግራም ያንን ፋይል ከፍቶ ኪሎውን ያነባል። ችግሩ የፋይሉ ስምና ቦታ እንደየመጋዘኑ መለያየቱ ነበር። የጊኒሩን የገጠመው ባለሙያ በአንድ ስም አስቀመጠው፣ የጎባውን የገጠመው በሌላ ስም፣ የሮቤውን ማን እንደገጠመው የሚያውቅም የለም። በዚያ ላይ ኬብሉ ተነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ የፋይሉ ስም ራሱ ይቀየራል። የጎባዋ መዛኝ ፈለቀች ደግሞ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ የሚዛኑን ኬብል ሳትነቅል የዋለችበት ቀን የለም። መልሳ የምትሰካው እጇ ያገኘው ቀዳዳ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «ሚዛን አልተገኘም» ይላል፤ ሚዛኑ እዚያው አጠገቡ ተገትሮ። ትደውልልኛለች፣ እኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎባ እወርዳለሁ፣ ኬብሉን ነቅዬ ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ እሷም ሳቅ ብላ «አንቺ እኮ እጅሽ መድኃኒት ነው» ትለኛለች። ስልክሽን ሌላ ቦታ ሰኪው ብዬ ለምኛት ለምኛት ተውኩት።

በመጨረሻ ሰው መቀየር ካልቻልኩ ኮምፒውተሩን ልቀይር አልኩ። የሚዛኑ ኬብል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ያየ ኮምፒውተር ሁሉ፣ ኬብሉ የትም ቀዳዳ ላይ ይሰካ፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ስም እንዲሰጠው አደረግኩ። ሦስቱም ከተማ ላይ ያው ስም፣ ያው ቦታ። ሮቤ ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። ረዲም አየውና ግንባሬን ሳመኝ። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍቅረየሱስ ነገሩ ብዙም ባይገባቸውም የመኸር ርክክቡ ሳይደናቀፍ እንደሚያልፍ ተስፋ ስላደረጉ፣ «ይህ ነገር ዘንድሮ ሦስቱም ጋ ከሠራ ኮንትራትሽ የካቲት ላይ ሲያልቅ ቋሚ አደርግሻለሁ» አሉኝ። እናቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ናት። ቋሚ መሆን ለእኔ ከዚህች ከተማ ሳልወጣ፣ እናቴን ሳልተው እንጀራ መብላት ማለት ነበር።

እንግዲህ በዚያው በጥር ወር ነው ያ የዓለም ወሬ የመጣው። የኮምፒውተሮች ሁሉ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ውስጥ ክፍተት ተገኘ፣ ሌባ በዚያ ገብቶ የማይታይ ነገር ሊያይ ይችላል ተባለ። መፍትሔው ማይክሮኮድ ማደስ ነው። ማይክሮኮድ ማለት ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚመራባት፣ ከውስጥ የተቀመጠች ጥቃቅን ትእዛዝ ናት፤ አምራቹ ሲያርማት አዲሲቱን ኮምፒውተሩ ላይ ትጭናለህ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ፕሮሰሰሩ እሷን ይቀበላል። ኢንተርኔት በሚመጣና በሚሄድበት በዚያ ሰሞን ረዲ ስለዚህ ነገር ያላነበበው አልነበረም። ከክልል እንግዶች ለጉብኝት ሊመጡ ነበርና «እኛ ባሌ ተቀምጠን ከዓለም እኩል አድሰናል» ብሎ ሊያቀርብ ቋምጧል።

«መጀመሪያ ርክክቡ ይለቅና ያኔ ታድሳለህ» አልኩት። «እኔም አሁን የፋይሉን ስም እየቀየርኩ ነው። ሁለት ነገር አንዴ ከነካን፣ ቢበላሽ በየቱ እንደተበላሸ በምን እናውቃለን? በዚያ ላይ የኛ ኮምፒውተሮች ከመረብ ጋር ሁልጊዜ አይገናኙም። የስንዴ ኪሎ ማን ይሰርቃል?»

ሳቀ። «ልክ ነሽ» አለኝ።

«አትነካውም አይደል?»

«ወላሂ አልነካውም።»

ወላሂ አለ። ማስረጃ አምጣ ልበለው ወይስ ውል ፈርም? ከዚያ በላይ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም።

በማግስቱ ጎባ ወርጄ አዲሱን ስም አስገባሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ፈለቀች ኬብሉን ነቅላ በሌላ ቀዳዳ ሰካችው፣ ሚዛኑ ተገኘ፤ እንደገና ነቀለች፣ ተገኘ። ከጨዋታ ቆጥራው ስትነቅልና ስትሰካ ቆየች። ከዚያ ጊኒር ሄጄ ያንኑ ሠራሁ። ሮቤም ያለውን አጥፍቼ አስነሳሁት። በሚኒባሱ መስኮት የተከመረ የስንዴ ነዶ እያየሁ ስመለስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ቋሚ ሆነሻል በይኝ» አልኳት።

ኮምፒውተሮቹ መጥፋት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ሲመዝኑ ይቆዩና ሳይታሰብ እልም ይላሉ፣ መብራት ሳይጠፋ። ራሳቸው ይነሳሉ፣ የተመዘነው ግን ጠፍቷል፤ ጆንያው እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ጎባ፣ ቀጥሎ ጊኒር፣ ቀጥሎ ሮቤ፤ እኔ በረገጥኩበት ቅደም ተከተል። በየመጋዘኑ በር ላይ ጋሪና አህያ ተደረደረ። ከአጋርፋ ድረስ የመጡ ገበሬዎች ሳይመዘንላቸው እየዋሉ ተሳደቡ፤ አንዳንዱም ጭነቱን መልሶ ለነጋዴ ሸጠ። አቶ ፍቅረየሱስ አስጠርተውኝ «ምን ነካሽ ልጄ? ምን ነካካሽብን?» አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉኝ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሥራዬን ከላይ እስከ ታች መረመርኩት። የጻፍኩት ደንብ ጥቂት መስመር ነው፤ አንድ ፋይል ስም ከማውጣት ያለፈ ነገር አያደርግም። ስም ማውጣት ኮምፒውተር ያጠፋል? አያጠፋም። ግን እኔ ከነካሁ በኋላ ነው የጠፉት። በራሴ ላይ ያለኝ እምነት ተሸረሸረ። ረዲ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «አይዞሽ ኦቦሌቲ ኮ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን። እኔ ስጀምር ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ» አለኝ። እጄን ያዘኝ።

አንድ ጠዋት ጎባ ፈለቀች አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ኮምፒውተሩ ዐይኔ እያየ እልም አለ። ሲነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መሮጥ ጀመረ። ሁልጊዜ የማየው ከታች ያለውን፣ የእኔን ሚዛን የሚመለከተውን ነበር። ያን ቀን ከላይ አነበብኩ። የመጀመሪያው መስመር ማይክሮኮዱ እንደታደሰ ይናገራል፤ ቀኑም አዲስ ነው። ክው አልኩ። መስመሩ አልፎ ሄደ፣ ከዐይኔ ግን አልሄደም። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። የጎባ ኔትወርክ እየተጎተተ የሰጠኝ መልስ፣ አምራቹ ራሱ ያቺ እድሳት ኮምፒውተሮችን እያጠፋች ስለሆነ ለጊዜው አትጫኑ ብሎ ማሳሰቢያ ማውጣቱን ነው።

የሦስቱን ኮምፒውተሮች ፓስወርድ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ።

ስክሪኑን ፎቶ ላንሳ የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ተውኩት። ማንን ልከስበት? የጀሊልን ጓደኛ? ፈለቀች «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለችኝ። «ምንም» ብያት ወደ ሮቤ ተሳፈርኩ።

ረዲን ያገኘሁት ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ምንም መግቢያ ሳላበጅ «ማይክሮኮዱን አንተ ነህ የጫንከው» አልኩት። ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

«አንቺ ልትሄጂ ስትይ ከሮቤ ሆኜ በኔትወርክ ጫንኩት» አለ። «ለማንኛውም አጥፍተሽ ታስነሺያቸዋለሽ፣ በዚያው ይቀበሉት ብዬ። አንዴ ከሚጠፉ ሁለቴ ለምን ይጠፋሉ? ክፉ አስቤ አይደለም፣ ሳቢሪን።»

«ወላሂ ብለኸኝ ነበር።»

ዐይኑን ከእኔ አሽሽቶ ወደ መጋዘኑ በር አየ።

«ታዲያ መጥፋት ሲጀምሩ ለምን አልተናገርክም? አጠገቤ ተቀምጠህ እጄን ይዘህ እኮ አይዞሽ ስትለኝ ነበር።»

ጮኽኩበት። የመጋዘን ሠራተኞች ሰምተው ቆሙ። እንባው መጣ። «እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «ለአቶ ፍቅረየሱስ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ግን ሰው ሰማን። እኔና አንቺ ተጣላን ተብሎ እናትሽ ጋ ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ ኦቦ ነገሪ ጋ እንቀመጥ። እርቁ ይቅደም፤ ከዚያ ቢሮ ሄጄ የኔ ነው እላለሁ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ኦቦ ነገሪ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለኛ ቤት አባት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈራችን ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። በሀገራችን ወግ ሽማግሌ ፊት የተናገሩት ቃል ፍርድ ቤት ከተናገሩት ይከብዳል። ረዲ ኦቦ ነገሪ ፊት «እኔ ነኝ» ካለ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ መካድ አይችልም። እንዲህ አስቤ «እሺ» አልኩ። እናቴም ስትሰማ ደስ አላት። «አንቺ ታናሽ ነሽ፣ ቀድመሽ ዲፋማ ጠይቂ። ታናሽ ይቅርታ ሲጠይቅ ታላቅ ያፍርና የራሱን ያወጣል» አለችኝ። እኛ ጋ እንዲህ ነው። ታናሹ ባያጠፋም ቀድሞ ዝቅ ይላል፤ ታላቁ ደግሞ ከዚያ በባሰ ዝቅ ብሎ ጥፋቱን ይናገራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት እርቅ አይቻለሁ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው።

እሁድ ከሰዓት ኦቦ ነገሪ ቤት ተቀመጥን። ከእሳቸው ሌላ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ረዲ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ አንገቱን ደፍቷል። ኦቦ ነገሪ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ጀምሪ» አሉኝ።

ተነሳሁ። «ረዲ ታላቄ ነው» አልኩ። «ሰው ፊት ጮኼበታለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።» ጉልበቱን ስሜ ተቀመጥኩ።

አሁን የእሱ ተራ ነው። ሁላችንም ጠበቅነው። ረዲ ቀና አለ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኦቦ ነገሪ አየና «ይቅር ብያታለሁ» አለ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅኩ። አልመጣም። አፌን ልከፍት ስል ኦቦ ነገሪ እጃቸውን አነሱ። «በቃ ልጄ፣ አለቀ። ይቅር ብሎሻል።» ሽማግሌ በቃ ካለ አይቀጠልም፤ መቀጠል እርቅ ማፍረስ ነው። ምላሴን ዋጥኩ። ምናልባት ሽማግሌዎቹ ፊት አፍሮ ይሆናል፣ ነገ ቢሮ ይናገረዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ስንወጣ ረዲ እናቴ ቤት ድረስ ሸኘኝ። እናቴም እጁን ስማ መረቀችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተጠራ። በዚያን ዘመን የማይገመገም መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ሂስ ይሰጣል፣ ሂስ ይቀበላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። ከየመጋዘኑ መዛኞች ሳይቀሩ መጡ። አቶ ፍቅረየሱስ የርክክቡን መስተጓጎል አንስተው «በዚህ ላይ የሚመለከተው ይናገር» አሉ። ረዲ እጁን አወጣ። ልቤ እፎይ አለ። አሁን ሊናገር ነው አልኩ፤ አላህ ይመስክርብኝ፣ እንዲያውም አሳዘነኝ።

«እኔ መጀመሪያ ግለ ሂስ ላድርግ» አለ ረዲ። «ነባር ሠራተኛ እንደመሆኔ ታናሼን በደንብ መቆጣጠር ነበረብኝ። ወጣት ናት፣ ሥራ ትወዳለች፣ ቸኮለች። በመኸር ርክክብ መሃል የፋይሎቹን ስምና ቦታ ስትቀይር ማስቆም ሲገባኝ በወንድምነት ዝም አልኳት። ጥፋቷንም አልካደችም። እሁድ ዕለት ሽማግሌ ፊት አጥፍቻለሁ ብላ ጉልበቴን ስማ ይቅርታ ጠይቃኛለች። እኔም ይቅር ብያታለሁ። ቤቱም ይቅር እንዲላት እጠይቃለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ዐይኑን በጨው አጥቦ እያየኝ ነው። ቀጠለና «ትናንት ከሥራ ሰዓት በኋላ የእሷን ለውጥ አንስቼ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሻለሁ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የጠፋ ኮምፒውተር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

የጊኒሩ መዛኝ «የለም» አለ። ፈለቀችም ወደ እኔ እየሰረቀች አይታ «አልጠፋም» አለች።

እውነቷን ነው። አልጠፋም። ምክንያቱም ረዲ እኔ ያወጣሁትን የሚዛን ስም ሲያነሳ የራሱንም ማይክሮኮድ አብሮ አንስቶታል። ሁለቱ አንድ ላይ ገቡ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አወጣ። ማን ይለየዋል? እኔ ነበርኩ ሁለት ነገር አንዴ አንንካ ያልኩት።

ተነስቼ ተናገርኩ። ማይክሮኮድ አልኩ፣ ፕሮሰሰር አልኩ፣ አምራቹ ራሱ አትጫኑ ብሏል አልኩ። ደሜ ፈልቶ ስለነበር ቃሉ ተዘበራረቀብኝ። አቶ ፍቅረየሱስ «ልጄ፣ በሚገባን ቋንቋ ንገሪን» አሉኝ። «ፈለቀች አይታለች» አልኩ። ፈለቀች ቆማ «ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲሮጥ አይቻለሁ» አለች፤ ሰው ሳቀ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈው የቀድሞ መዝገብ ይታይ አልኩ። ረዲ «ቦታ ሞልቶ ስለነበር ትናንት አጽድቼዋለሁ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አሉኝ አቶ ፍቅረየሱስ። «እሁድ ሽማግሌ ፊት አጥፍቻለሁ ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«የጮኽኩበትን ነው ያልኩት።»

«ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«ብያለሁ» አልኩ።

አቶ ፍቅረየሱስ ወግ የማያውቁ ሰው አይደሉም። ጎባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ታናሽ እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ከእኔ እኩል ያውቃሉ። ግን የሚፈልጉትን መልስ አግኝተዋል። ርክክቡ ለምን ተስተጓጎለ ለሚላቸው የበላይ አካል የሚነገር ስም ተገኘ። እኔም ቋሚ አልሆንኩም፤ የካቲት ሲያልቅ ኮንትራቴም አብሮ አለቀ። እንግዶቹ ከክልል መጥተው ሲሄዱ ረዲ ክፍሉን በኃላፊነት ያዘ። የሚዛኖቹ ስም ወደ ድሮው ተመልሷል። ጎባ ላይ ኬብል ሲነቀል አሁን ሚኒባስ የሚሳፈረው ረዲ ነው።

አዳማ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሥራ አገኘሁ። እናቴን ለእህቷ ልጅ አደራ ሰጥቼ ልሄድ ተነሳሁ። እናቴ እስካሁን «ረዲ እንዲህ አያደርግም፣ ሰይጣን መሃላችሁ ገብቶ ነው» ትላለች። ያመመኝን ያህል ስለሚያማት አልከራከራትም። ከመሄዴ በፊት ግን እውነቱን አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ፈለግኩና ኦቦ ነገሪ ቤት ሄድኩ።

በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «አካም ጂርታ ኢንተለ ኮ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወላሂ ያለውን፣ ከሮቤ ሆኖ የጫነውን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያመነልኝን፣ ግምገማ ላይ ያደረገውን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡኝ ሰሙ። አልገረማቸውም። አለመገረማቸው ነው ያስደነገጠኝ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ስሙን አልያዝኩትም እንጂ ያንን ነገር እሱ እንዳደረገው። ከእርቁ በፊት፣ ቅዳሜ መጥቶ ነግሮኛል። አልቅሷል።»

«ታዲያ እሁድ ለምን አልተናገረም?»

«እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት።»

እንዲህ አሉኝ። ውሃ ጠጣሁ እንደሚል ሰው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፃቸው።

«ረዲ ሦስት ልጆች አሉት» አሉ። «ሁለት ሽማግሌ ቁጭ ባለበት ጥፋቱን ከተናገረ በማግስቱ ከተማው ይሰማዋል፣ እንጀራው ይቋረጣል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ተምረሻል፣ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ፣ ታገቢያለሽ። በዚያ ላይ ዘመዴ ነሽ። ሽማግሌ የራሱ ልጅ ከባዳ ጋር ሲጣላ በራሱ ልጅ ላይ ነው የሚፈርደው። በረዲ ብፈርድ ኦቦ ነገሪ ለሥጋው አደላ ይባላል፤ ነገ ማን እኔ ፊት ይታረቃል? አባትሽም ቢኖር እንዲሁ ያደርግ ነበር።»

«ግምገማ ላይ አውጥቶ እንደሚናገረውስ ያውቁ ነበር?»

«እሱን አላወቅኩም» አሉና መሬት መሬት አዩ። «እሱስ ጥሩ አላደረገም።»

«አሁንስ ለአቶ ፍቅረየሱስ ይነግሩልኛል?»

«እርቅ ከወረደ በኋላ? አይሆንም ልጄ።»

ተናድጄ ነበር የሄድኩት፤ ንዴቴ ግን እዚያ በረንዳ ላይ ጥሎኝ ጠፋ። በቦታው የገባው ብርድ ነው። ረዲ ፈርቶ ነው የካደኝ። እሳቸው ግን ሳይፈሩ፣ አስበውበት፣ እየወዱኝ ነው አሳልፈው የሰጡኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ።

«ኦቦ ነገሪ» አልኳቸው፣ «ባዳ ብሆን ኖሮ፣ የማንም ልጅ ብሆን፣ ያን ዕለት እውነቱን ያስወጡልኝ ነበር?»

አልቸኮሉም። ውሸታም ሰው አይደሉም፤ አስበው፣ መዝነው ነው የሚመልሱት።

«አዎ» አሉኝ።

ተነሳሁ። ልሄድ መሆኔን ሲያዩ እሳቸውም በምርኩዛቸው ተነሱ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ረቢ መንገድሽን ያቅናልሽ» አሉ። «አሚን በይ።» ጫማዬን አደረግኩ። «ረቢ እንጀራሽን ያስፋልሽ። አሚን በይ ልጄ።» የአባቴ ድምፅ ነው ያላቸው፤ ሁልጊዜ እንዲያ ይመስለኛል። የምርቃት አሚን በሕይወቴ አስቀርቼ አላውቅም። ሳልመልስ የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁ። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ አሚን ይጠብቁ ነበር።